ነጩ ቅባትና የአባት ጥድፊያ

አንባቢዎቼ ሆይ፤ በመጽሔት ላይ ስለ ታላላቅ ሰዎችና ስለ ታላላቅ ሥራዎች መጻፍ ደስ ያሰኛል። እኔ ግን ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ አንዲት ሕፃን መቀመጫና ስለ አንድ ነጭ ቅባት ነው። «ይህም ጉዳይ ሆነና ይጻፋል?» የሚል ቢኖር አልቀየመውም፤ እኔም የመጀመሪያ ልጄን ከማቀፌ በፊት እንደ እርሱ አስብ ነበርና። ሌሊት በዘጠኝ ሰዓት የሕፃን ልቅሶ ከእንቅልፉ የቀሰቀሰው፥ ጨርቋን ሲፈታላት ደግሞ እግሮቿን ሰብስባ ስትንሰፈሰፍ ያየ ወላጅ ግን ነገሩ ትንሽ አለመሆኑን ያለ አስረጂ ያውቀዋል።

የምኖረው በጭሮ ነው። የቀድሞ ስሟን የለመዱ ሰዎች ዛሬም አሰበ ተፈሪ ይሏታል። ከአዲስ አበባ በስተ ምሥራቅ 326 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በጨርጨር ተራሮች መካከል የተቀመጠች፥ የምዕራብ ሐረርጌ ዞን ዋና ከተማ ናት። የቆረቆሯት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የጨርጨር ገዥ በነበሩበት ዘመን ነው። ከፍታ ላይ ስላለች አየሯ ደስ ይላል። በአዲስ አበባው መንገድ ቁልቁል ወደ ሚኤሶ የወረደ ሰው ግን ብዙም ሳይጓዝ ካፖርቱን አውልቆ በእጁ ይይዛል፤ ሚኤሶ ባቡር የሚያልፍባት ሞቃት የቆላ ከተማ ናትና። የእኔም ጣጣ የጀመረው በዚያ ቁልቁለት ነው።

ልጃችን ስምንተኛ ወሯን እንደ ያዘች የባለቤቴ የአጎት ልጅ በሚኤሶ ሠርግ ደገሰ። ያለ እኛ አይሆንም ተባለና ሄድን። ሕፃኒቱን በሀገር ልብስ አስጊጠናታል። ጌጧ በሽንት እንዳይበላሽ ብዬ በሽንት ጨርቋ ላይ ላስቲክ አስደረብሁ። ይህን ያሰብሁት እኔ ነኝ፤ በሌላ ሰው አላሳብብም። በዚያ ሙቀት ልጂቱ ከእጅ ወደ እጅ ስትዘዋወር ዋለች፤ ሁሉም ይስማታል፥ ሁሉም ያጫውታታል፤ ጨርቋን የፈታ ግን አልነበረም። በማግሥቱ ሆዷ ታወከ፤ ተቅማጥ ያዛት። ሠርጉን አጋምሰን ወደ ጭሮ ተመለስን።

ማታ ቤት ገብተን ጨርቁን ስንፈታ መቀመጫዋ እንደ በርበሬ ቀልቷል፤ አንዳንድ ስፍራውም ተልጧል። እናቴ ልጂቱን ከእጄ ወሰደችና ለብ ባለ ውኃ አጠበቻት። ከዚያም ራቁቷን በጭኗ ላይ አስተኝታ «አቦ፥ ገላዋ ይተንፍስ እንጂ! ለዛሬ ጨርቅ የሚባል አታሳዩኝ» አለች። ጥቂት ቅቤም ልትቀባት ተነሣች።

እኔ ግን ተቆጣሁ። «እማዬ፥ ዘመኑ የመድኃኒት ነው፤ ቅቤውን ለወጥ አቆዪው» አልኋት። እናቴ መልስ አልሰጠችኝም። ቅቤውን ወደ ቦታው መለሰች፤ ልጂቱንም ለባለቤቴ አቀበለቻት።

በማግሥቱ ወደ አንድ መድኃኒት ቤት ሄድሁ። ለሻጩ የነገርሁት ቃል ዛሬም አይረሳኝም፤ «ለቁስል የሚሆን፥ ቶሎ የሚያደርቅ፥ ጠንካራውን ስጠኝ» ነበር ያልሁት። የማን ቁስል እንደ ሆነ አልጠየቀኝም፤ እኔም የስምንት ወር ሕፃን ናት አላልሁትም። አንዲት ትንሽ ቱቦ ቅባት ሰጠኝ። ያን ቀን ሁለታችንም ቸኩለን ነበር።

ቅባቱ ግን ጉድ አሰኘ! በሁለተኛው ቀን ቅላቱ ጠፋ፤ ልጂቱም ተኛች። እኔም በእናቴ ፊት ቱቦውን ከፍ አድርጌ እያሳየሁ ኮራሁ። በሳምንቱ ቅላቱ ተመለሰ፤ ደግመን ቀባን፤ ጠፋ። እንደገና ተመለሰ፤ እንደገና ቀባን። እንዲህ እያልን አንድ ወር ያህል ከረምን። በመጨረሻ ግን ቅባቱ እንደ ቀድሞው አልታዘዝ አለ። ቅላቱ ጭኗና ሆዷ በሚተጣጠፉበት ስፍራ ሁሉ ገባ፤ በዙሪያው ትንንሽ ቀያይ ነጠብጣቦች ፈሰሱ። ቆዳዋም ስስና የሚያብለጨልጭ ሆነ፤ ሲነኩት የሚቀደድ ይመስል ነበር። ያን ጊዜ ነው ልቤ የደነገጠው።

ወደ ሐኪም ዘንድ ወሰድናት። በመጀመሪያ የተቀበለችን ነርስ ልጂቱን በደንብ ካየች በኋላ «ምን ስትቀቧት ነበር? ቱቦውን ይዛችሁ መጥታችኋል?» ብላ ጠየቀች። አውጥቼ ሰጠኋት። ጀርባውን አንብባ ዝም አለች።

«ለስንት ቀን ቀባችኋት?»

«ሲያገረሽ እየደጋገምን አንድ ወር ያህል ይሆናል፥ ሲስተር።»

«ወንድሜ፥ ማን አዘዘልዎት?»

ምን ልበል? «ራሴ» አልኋት።

እርስዋም ሳትቆጣ አስረዳችኝ። በዚያች ቱቦ ውስጥ ሦስት መድኃኒቶች በአንድነት ተቀላቅለዋል፤ አንዱ የፈንገስ፥ አንዱ የባክቴሪያ፥ አንዱ ደግሞ ስቴሮይድ የተባለው ወገን ቤታሜታዞን ነው። ቤታሜታዞን ቅላትንና እብጠትን ፈጥኖ ያበርዳል፤ ሐኪም አይቶ ለተገባው በሽታ፥ ለተወሰነ ቀን ሲያዝዘው ጥሩ መድኃኒት ነው። ዳሩ ግን በሕፃን መቀመጫ ላይ ሲቀባ ጨርቁና ላስቲኩ አፍነው ወደ ሰውነት ውስጥ አብዝተው ያስገቡታል። ብዙ ቀን ሲደጋገምም ቆዳን ያሳሳል፤ ቆዳው ከፈንገስ ጋር የሚያደርገውን ትግልም ያደክማል። ከዚህ የበረቱ ስቴሮይዶች ለረዥም ጊዜ የተቀቡ ሕፃናት የሰውነታቸው ሆርሞን እስኪዛባ ድረስ መጎዳታቸው በሕክምና መጻሕፍት የታወቀ ነው።

«እሳቱን ሳታጠፉ ጭሱን ብቻ ነው የሸፈናችሁት» አለችኝ።

ሐኪሙም ልጂቱን አይቶ ያን ቅባት አስቆመን። በተጣጠፈው ገላዋ ውስጥ የገባው ካንዲዳ የተባለ ፈንገስ ነበርና የፈንገስ ቅባት ስስ አድርገን እንድንቀባት፥ በላዩም ዚንክ ኦክሳይድ ያለበትን ነጭ ቅባት ወፈር አድርገን እንድንደርብ አዘዘ። በሳምንቱም ተመልሰን እንድንታይ ቀጠረን።

እኔ ግን በቱቦ ፈንታ የፈለግሁት መርፌ ነበር! «ሲስተር፥ ይህ ነጭ ነገር ከዚያ ይበልጥ ይበረታል?» ብዬ ጠየቅኋት።

ነርሷ ሳቀች። በመስኮቱ የሚታየውን የጎረቤት ጣራ አሳየችኝና «ያ ቆርቆሮ ከብረት የተሠራ ሲሆን በዝናብ ቶሎ የማይዝገው ለምን ይመስልዎታል? ዚንክ ስለ ተለበጠ ነው። ለልጅዎ ያዘዝንላትም ከዚያው ከዚንክ የሚሠራ ነው። አይበረታም፤ ይከልላል» አለችኝ።

አንባቢዎቼ ሆይ፤ ይህን ነገር በኋላ ከመጻሕፍትም አገላብጬ አየሁት፤ እውነቷን ነበር። ቆርቆሮ ማለት ዚንክ የተለበጠ የብረት ዝርግ ነው። ዚንክ ኦክሳይድ ደግሞ ዚንክ ከኦክሲጅን ጋር ሲዋሐድ የሚገኝ ነጭ ዱቄት ነው። ይህ ዱቄት በውኃ አይሟሟም። ከቫዝሊን ወይም ከሌላ ቅባት ጋር ተለውሶ በቆዳ ላይ ሲቀባ እርጥበት የማያልፈው ነጭ ሽፋን ይሆናል፤ የሚያዥ ቆዳንም በመጠኑ ያደርቃል። ወደ ሰውነት ውስጥ እምብዛም አይዘልቅም፤ ሥራው ከላይ ሆኖ መጠበቅ ነው። ከሥሩ ያለው ቆዳ የሚድነው በራሱ ተፈጥሮ ነው፤ ቅባቱ የሚሰጠው ፋታ ብቻ ነው።

ነገሩም አዲስ ግኝት አይደለም። የግሪኩ ሐኪም ዲዮስቆሪዴስ በ1ኛው መቶ ዘመን፥ ማዕድን ሲቀልጥ ከምድጃ ጢስ ላይ የሚሰበሰበውን ነጭ ዱቄት ለመድኃኒት እንዲሆን ጽፎለታል። በ19ኛው መቶ ዘመን የኖረው ጀርመናዊ የቆዳ ሐኪም ኦስካር ላሳር ስሙ የሚነሣበት ወፍራም ቅባት አለ፤ ዛሬ በመድኃኒት መጻሕፍት የሚገኘው የዚህ ዓይነት የዚንክ ልጥፍ ከመቶው 25 እጅ ዚንክ ኦክሳይድ፥ 25 እጅ ስታርች፥ 50 እጅ ቫዝሊን ነው። በእንግሊዝ አገር እናቶች ለብዙ ዘመን የለመዱት ደግሞ ዚንክ ከጉሎ ዘይት ጋር የተለወሰበትን ነው፤ በዚህኛው ውስጥ ዚንኩ ከመቶ 7.5 እጅ ነው። ጉሎ በእኛም አገር በየአጥሩ ሥር የሚበቅል ነውና ይህን የሰማ ሰው በቤቱ ልቀምመው እንዳይል አደራ እላለሁ፤ የጉሎ ፍሬ ብርቱ መርዝ አለበት። እንዲሁም በአንዳንዱ የዚንክና የጉሎ ቅባት ውስጥ የኦቾሎኒ ዘይት ስለሚገባበት፥ ኦቾሎኒ የማይስማማው ልጅ ያለው ሰው የቱቦውን ጽሑፍ አስነብቦ ይግዛ። ለሕፃናት የሚሸጡት ቅባቶች አብዛኞቹ ከመቶ ከ10 እስከ 40 እጅ ዚንክ ኦክሳይድ አላቸው፤ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ቅባቱ ይወፍራል።

እንዲያውም ሳናውቀው ሁላችንም ከዚንክ ኦክሳይድ ጋር ተዋውቀናል። ለሚያሳክክ ገላ የምንቀባው ሐምራዊ የካላማይን ፈሳሽ ዋና ነገሩ ይኸው ነው፤ ቀለሙን የሰጠው ጥቂት የብረት ኦክሳይድ ነው። በሐኪም ቤት ፋሻ የሚያጣብቁበት ነጩ ፕላስተር በሙጫው ውስጥ ይህ ዱቄት አለበት።

እንግዲህ ልጄ በዚያው ዳነች ብዬ ብጨርስ ታሪኬ ባማረ ነበር። ነገር ግን አልጨረስሁም፤ ሁለተኛው ጥፋቴ ገና ነው።

ነርሷ «ይከልላል» ያለችኝን ቃል እንደሚመቸኝ አድርጌ ተረጎምሁት። «ጣራ ካለን ዝናብ ምን ያደርገናል?» አልሁ። ማታ ማታ ነጩን ቅባት በላይ በላዩ አስለጥፌ ጨርቁን ጥብቅ አድርጌ አሳስርና፥ እስኪነጋ እንዳይፈታ አዝዛለሁ። በዚያ ሰሞን ውኃ በጀሪካን እየገዛን ስለ ነበረ ብዙ ጨርቅ ማጠብ አሳስቦኝ ነበር፤ እንቅልፌንም እወድድ ነበር። ጧት ደግሞ ነጩ ሁሉ ካልተላቀቀ ንጹሕ አይደለም ብዬ በሳሙናና በሻካራ ጨርቅ አስፈትጋታለሁ። በሦስተኛው ቀን ደኅና መሆን ጀምሮ የነበረው ገላዋ እንደገና ቀላ።

ከወር በላይ በዚህ ነገር ላይ ቃል ያልተነፈሰችው እናቴ ያን ጊዜ ተናገረች። «ልጄ፥ ጣራ መክደንህስ ጥሩ ነበር፤ ነገር ግን ቤቱ ውስጥ ውኃው ተኝቶ ሳለ ከላይ ብትከድነው ማንን ልታድን ነው?» አለችኝ።

በዚያች ቃል ዐይኔ ተከፈተ። እርጥብ ገላ ላይ የተቀባ ቅባት እርጥበቱን ያፍነዋል እንጂ አያወጣውም። እናቴ በመጀመሪያው ማታ «ገላዋ ይተንፍስ» ስትል ሐኪም ከሚለው ግማሹን ተናግራ ነበር፤ እኔ ግን ከአፏ የወጣ ስለ ሆነ ናቅሁት። የቅቤው ነገር እርግጥ የሚመከር አይደለም፤ ቅቤ ቆሻሻና ተሕዋስያን ሊኖሩበት ስለሚችል በተላጠ ገላ ላይ አይቀባም። ይህንም ነርሷ ስትነግራት እናቴ «እንዲያ ከሆነ ትቻለሁ» ብላ በአንድ ቃል ተወችው። እኔ የራሴን ጥፋት ለመተው ስንት ጊዜ ፈጀብኝ!

ከዚያ ማታ ጀምሮ የዘጠኝ ሰዓቱን ተራ እኔ ያዝሁ። ልጂቱ ስትነቃ ባለቤቴ ታጠባለች፤ ከዚያ በፊት ጨርቅ የምፈታው፥ የማጥበውና የምቀባው እኔ ነኝ። በመጀመሪያ እጄ ተንቀጠቀጠ። የልጄን ገላ አጥቤ ሳላውቅ ስለ ገላዋ መድኃኒት ስገዛና ስከራከር መክረሜ ያን ጊዜ ነው የገባኝ። በቀጠሯችን ስንመለስ ነርሷ አየቻትና «አሁን ማን ነው የሚቀባት?» አለች። ባለቤቴ በአገጯ ወደ እኔ አመለከተች። ቅላቱ እየተሰበሰበ ነበር። ቆዳዋ ወደ ቀድሞው ለመመለስ ግን ከዚያ በኋላ ብዙ ሳምንታት ፈጅቶበታል።

አሁን የተማርሁትን በሥርዓቱ ላካፍላችሁ።

የሕፃን ቆዳ ስስ ነው። በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ ሲውል ይርሳል፤ የራሰ ቆዳም በጥቂት ፍትጊያ ይላጣል። በዐይነ ምድር ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች የሽንትን ዩሪያ ወደ አሞኒያ ይለውጡታል። ጤናማ ቆዳ በተፈጥሮው ጥቂት አሲድነት አለው፤ አሞኒያው ይህን ሲያጠፋበት፥ ምግብ ለመፍጨት የተፈጠሩትና ከዐይነ ምድር ጋር የሚወጡት ኢንዛይሞች ኃይል ያገኙና ቆዳውን ያቃጥሉታል። ተቅማጥ የያዘው ልጅ ፈጥኖ የሚላጠውም ስለዚህ ነው። እንግዲህ የመጀመሪያው መድኃኒት ጨርቅን ቶሎ ቶሎ መለወጥ ነው፤ በየ2 ወይም በየ3 ሰዓቱ፥ ዐይነ ምድር ሲሆን ደግሞ ወዲያውኑ። ላስቲክ መደረብ ይቅር። ከሱቅ የሚገዛው ዳይፐርም ቢሆን ሽንትን ይመጥጣል እንጂ ሰዓት አያስረሳም።

አጠባው ለብ ባለ ንጹሕ ውኃና በለስላሳ ጨርቅ ይሁን፤ ሽቶ ያለበት ሳሙናና መጥረጊያ በተላጠ ገላ ላይ አይነካ። ሲያደርቁ መፈተግ አይገባም፤ ጨርቁን ጫን እያደረጉ ማንሣት ይበቃል። ከዚያ በኋላ ልጁን ጥቂት ጊዜ ራቁቱን አስተኝቶ ገላው አየር እንዲያገኝ መተው ነው። ገላው በደንብ ሲደርቅ በታጠበ እጅ ነጩን ቅባት ቆዳው እስከማይታይ ድረስ ወፈር አድርጎ መቀባት ይገባል። በሚቀጥለው ጊዜ የቆሸሸውን የላይኛውን ንብርብር ብቻ አንሥቶ በላዩ መድገም ነው፤ እስከ ሥሩ መፈተግ አያስፈልግም። በውኃ አለቅ ቢል ጥቂት የሕፃን ዘይት ያነሣዋል። የጨርቅ ተጠቃሚዎች ጨርቁን ካጠቡ በኋላ ሳሙናውና በረኪናው እስኪለቅ ደጋግመው ያለቅልቁት፤ በፀሐይም ያድርቁት። ነጩ ቅባት ከጨርቅ ላይ በቀላሉ አይለቅምና የሚያሳሳ አሮጌ ነጠላ ቁራጭ በመካከል ማድረግ ይቻላል።

ዚንክ ኦክሳይድ በአቅራቢያው ያላገኘ ሰውም አይጨነቅ። በየሱቁ የሚገኘው ሽቶ የሌለበት ተራ ቫዝሊን እንዲሁ እርጥበትን ይከልላል። ፓውደር መነስነስን ግን አልመክርም፤ ብናኙ ወደ ሕፃኑ ሳንባ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1972 በፈረንሳይ አገር ሄክሳክሎሮፊን የተባለ ኬሚካል በስሕተት በብዛት በተቀላቀለበት የሕፃናት ፓውደር ምክንያት 36 ሕፃናት ሞተዋል። ለሕፃን ገላ የሚነሰነስና የሚቀባ ነገር ሁሉ ቀላል ነገር እንዳልሆነ ከዚህ በላይ ምን ያስረዳናል?

ነጩ ቅባት ከመቀመጫ ሌላም ይጠቅማል። በሚኤሶና በቦርዶዴ ሙቀት ጭኑ እየተፋተገ የሚላጠው ሰው፥ አንገቱ ሥር በምራቅ የሚርሰው ሕፃን፥ ጫማ የፋቀው ተረከዝ፥ ይህ ሁሉ በንጹሕ ገላ ላይ ስስ አድርጎ ቢቀባው ይረዳዋል። ጥልቅ ቁስል፥ መግል የያዘ እብጠት፥ የእሳት ቃጠሎና የእንስሳ ንክሻ ግን የሐኪም ናቸው። ቅባቱ ለቆዳ እንጂ ለአፍና ለዐይን አይደለም፤ ሕፃን ከማይደርስበት ይቀመጥ።

አንድ የሚያሳስት ነገርም አለ። ለተቅማጥ የሚሰጠው የዚንክ ክኒን ሌላ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጡት ምክር፥ ተቅማጥ የያዘው ሕፃን የሰውነቱን ውኃ ከሚተካው ኦ.አር.ኤስ. ጋር የዚንክ ክኒን ከ10 እስከ 14 ቀን ይሰጠዋል፤ መጠኑም ከ6 ወር በታች ለሆነው በቀን 10 ሚሊ ግራም፥ ከዚያ በላይ ለሆነው 20 ሚሊ ግራም ነው። ይህ ክኒን በእናት ጡት ወተት ወይም በንጹሕ ውኃ ተበጥብጦ የሚጠጣ ነው፤ ተፈጭቶ አይቀባም፤ ቅባቱም አይዋጥም። ስማቸው አንድ ቢሆንም አንዱ ለሆድ፥ ሌላው ለገላ ነው። በየቀበሌው ያሉት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ይህን ያስረዳሉና መጠየቅ ነው። እኔ ልጄ በሚኤሶ ተቅማጥ በያዛት ጊዜ ይህን ባውቅ ኖሮ መቀመጫዋን ከማየቴ በፊት ሆዷን አስብ ነበር።

ሐኪም ዘንድ መቼ እንሂድ ብትሉኝ፥ በዚህ ሁሉ ጥንቃቄ በ3 ቀን ውስጥ ያልተሻለው፥ ትኩሳት ያለው፥ ውኃ የቋጠረ ወይም መግል የያዘ ወይም የሚደማ፥ ቅላቱ በተጣጠፈ ገላ ውስጥ ገብቶ በዙሪያው ነጠብጣብ የበተነ፥ ከጨርቁ ክልል አልፎ የሚስፋፋ ሁሉ ይታይ። በአፍና በመቀመጫ ዙሪያ ሽፍታ ወጥቶ ተቅማጥ አልለቅ ያለው ልጅም ሳይዘገይ ይወሰድ፤ አንዳንድ ጊዜ ምክንያቱ በሰውነት ውስጥ ያለ የዚንክ እጥረት ሊሆን ይችላልና። ገና ወሩን ያልሞላ ሕፃን ከሆነ ደግሞ ቀኑን መቁጠርም አያስፈልግም። ስትሄዱም የቀባችሁትን ቱቦ ሁሉ ይዛችሁ ሂዱ፤ ማፈር አይገባም። መድኃኒት ቤት የምትሄዱም ብትሆኑ ሻጩ ባይጠይቃችሁ እንኳ «ለሕፃን ነው፤ ዕድሜው ይህን ያህል ነው፤ የሚቀባው በጨርቅ ሥር ነው» በሉ። እነዚህን ጥቂት ቃላት ተናግሬ ቢሆን ኖሮ ልጄ ያን ሁሉ ባላየች ነበር።

ልጄ ዛሬ የአንደኛ ክፍል ተማሪ ናት። ይህን ሁሉ አታስታውሰውም። እናቴ ግን አትረሳውም። በቅርቡ ታናሽ ወንድሟ ተወለደና ለመጀመሪያ ጊዜ ገላው ቀላ ባለ ጊዜ፥ እናቴ ከወንበሯ ሳትነሣ ቀና ብላ አየችኝ። እኔም ምንም ሳልናገር ውኃ ለብ አደረግሁ፤ ልጁን አጥቤ አደረቅሁት፤ ራቁቱን አምጥቼ በጭኗ ላይ አስተኛሁት። ነጩን ቱቦ ከአጠገቧ አኖርሁና ጨርቁን ላጥብ ወደ ጓሮ ወጣሁ።